ያለጊዜው የተዘጋ ቅንፍ

ሚስተር ሊዮናርድ አሽኮም ዓርብ ዕለት አመሻሽ ላይ፣ አሌክሳንድሪያ በሚገኘው ቤታቸው፣ በመጻፊያ ክፍላቸው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። መነጽራቸው ተጣጥፎ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እጆቻቸው በጉልበታቸው ላይ ተደርበዋል። ትራሱም ከጀርባቸው በሥርዓት ተስተካክሏል። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሰባት ነበርና ያያቸው ሁሉ እርጅና ወሰዳቸው አለ። ቅዳሜ ማለዳ የመረመራቸው ሐኪም ግን የዓይናቸውን ቆብ ገልጦ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች አገኘ፤ ከጥርሳቸውም መካከል ቀጭን የትራስ ክር አወጣ። እንግሊዛዊው ደራሲ በገዛ ትራሳቸው ታፍነው ነበር የሞቱት።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ሄለን የተባለች የሠላሳ ዓመት ሴት ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኘው የሻምበል ተናኘ አፓርታማ ደርሳ በር አንኳኳች። ሻምበል ተናኘ በአዲስ አበባ ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት፣ በዋሽንግተን በአንድ ትልቅ ሆቴል የጥበቃ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሰው ሲያወራ አያቋርጡም፤ ሰው ሲዋሽ ደግሞ ጨርሶ አያቋርጡም።

«ካፖርትሽን አውልቂ። ተቀመጪና ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

«አባባን ሊያስሩብኝ ነው፣ እትዬ ተናኘ። ሰኞ ጠዋት ከሎየር ጋር ይቅረቡ ተብለዋል። ለፖሊሱ የነገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ምን ብለሽ?»

«እውነቱን። ሚስተር አሽኮምን በሆም ኬር የምረዳቸው እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመቴ። ትናንት አባባ ሊያነጋግሯቸው መጡና ተጣሉ። አባባ በአማርኛ ‹ይህን ሳትጽፍ ሞተህ ቢሆን ይሻልህ ነበር› አሏቸው። መርማሪው ምን ተባባሉ ብሎ ሲጠይቀኝ ትራንስሌት አደረግሁለት። የገዛ አያቴን፣ በገዛ አፌ።»

«ውሸት አልነገርሽውም። ሊናደዱበት የሚገባውን ሰው ገና አላገኘነውም፤ ንዴትሽን በራስሽ ላይ አትጨርሺው። ምን አጣላቸው?»

ይህን ለመረዳት ሟቹ ማን እንደ ነበሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ሚስተር አሽኮም ስልሳ ሁለት መጻሕፍት አሳትመዋል። በሴት ስም የፖሊስ ታሪኮችን ጽፈዋል፤ ለልጆች ስለ ቀበሮና ስለ ባቡር፣ ለሬዲዮ ተውኔት፣ ለአትክልተኞች ደግሞ የጽጌረዳ አገራረዝ መመሪያ ጽፈዋል። ከሁሉ በላይ ግን የመድበል አዘጋጅ ነበሩ። የሌሎችን ደራስያን ሥራ መርጠው ይሰበስባሉ፤ ለእያንዳንዱም ከመጽሐፉ መጨረሻ ሦስት መስመር የሕይወት ታሪክ ይጽፉለታል። እንዲህ ካዘጋጇቸው ሠላሳ አንድ መድበሎች ዝናቸውን ያቆመው የመጀመሪያው ነው። በ1955 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አስተማሪ ሳሉ የሰበሰቧቸው ተረቶች «ጥላውን የከሰሰው ሰው» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ ታትመው ብዙ አገር ተነበቡ። በመጽሐፉ መግቢያ አንድ ኢትዮጵያዊ ብቻ ይመሰገናል፤ የያኔው ተማሪና አስተርጓሚ፣ የዛሬው አንጋፋ ምሁር አቶ ኃይለልዑል።

ሄለን ቀጠለች። «ከአራት ወር በፊት ያቺን ተረት ጮክ ብለው አነበቡልኝ። አንድ ሰው ጥላውን ይከሳል። ‹ጠዋት ይቀድመኛል፣ ማታ ይከተለኛል፣ አላሳርፍ አለኝ› ይላል። ዳኛው ‹በቀትር ቁምና ርገጠው› ብሎ ይፈርድለታል። አለቀ ብለው መጽሐፉን ሊዘጉ ሲሉ፣ ‹አላለቀም እኮ› አልኳቸው። አባባ በልጅነቴ የነገሩኝ መጨረሻ አለው። ሚስተር አሽኮም ነጭ ሆነው ቀሩ፤ ማለቴ፣ ከነጭነታቸው በላይ። ‹አያትሽ ማን ይባላሉ?› አሉኝ።»

«መጨረሻው ምንድን ነው?»

«ከእሳቸው አፍ ቢሰሙት ይሻላል።»

በቀትር ሁለቱ ሴቶች ቤልትስቪል ደረሱ። የሄለን አያት አቶ ፀሐዩ በልጅ ልጃቸው ቤት፣ በመስኮቱ አጠገብ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። ራሳቸው ባዶ ነው፤ ባርኔጣቸው ከሟቹ ወንበር ሥር በመገኘቱ ፖሊስ ወስዶታል።

«ገድለዋቸዋል?» ሲሉ ሻምበል ተናኘ ጠየቁ።

«አልገደልኩትም።»

«ተመኝተውታል?»

«ስልሳ ሁለት ዓመት ሙሉ።»

ሻምበል ተናኘ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሽማግሌውም ሳይለመኑ ተናገሩ።

«የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበርኩ። ማታ ማታ አዳሪ ተማሪዎቹ ከጎጆዬ ደጅ ይሰበሰቡና እተርትላቸው ነበር። ኃይለልዑል ከመካከላቸው ነው። ጠዋት ሄዶ ያንኑ ለፈረንጁ በእንግሊዝኛ ይደግምለታል፤ ‹ከአያቴ የሰማሁት ነው› ይለዋል። መጽሐፉ ወጣ። እሱ ነፃ ትምህርት አገኘ፣ ሜዳሊያ አገኘ፣ ወንበር አገኘ። እኔ በር ከፈትኩ።»

«ሚስተር አሽኮም አላወቁም?»

«የተጣላነውስ በዚህ አይደል? ‹አንድ ማታ በጎጆህ በኩል ሳልፍ ድምፅህን ሰምቻለሁ። ተረቱ ያንተ እንደ ሆነ ጠረጠርኩ፤ ግን አልጠየቅሁም› አለኝ። አየሽ፣ ልጄ? አልጠየቀም። ዘበኛ ምን ተብሎ ይጠየቃል?»

«ከዚያስ?»

«ለአዲሱ መጽሐፉ የጻፈውን መግቢያ አነበበልኝ። ተረቶቹ የፀሐዩ ናቸው፣ ኃይለልዑል ዋሽቶኛል፣ እኔም ጠርጥሬ ዝም ብያለሁ ይላል። ስሜን አሳየኝ። ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። ሚስቴ ይህን ሳታይ ሞታለች። ልጄ የዘበኛ ልጅ እየተባለ ሞቷል። ለማን ብሎ ነው አሁን የሚያነብልኝ? ‹ይህን ሳትጽፍ ሞተህ ቢሆን ይሻልህ ነበር› አልኩት፤ ቢያንስ እንዳላወቀ ሆኖ ይሞት ነበር። እሱም ‹ልክ ነህ› አለኝ። ሄለን በሰባት ሰዓት ወደ ሌላው ሥራዋ ሄደች። እኛ ዓይን ለዓይን እየተያየን አንድ ሰዓት ተቀመጥን።»

«ሲወጡ በሕይወት ነበሩ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ባርኔጣዬን እንኳ ረሳሁት። እሱ ስልክ አንሥቶ ቁጥር እየመታ ነበር። በሩን ገጠም አድርጌ ወጣሁ፤ መቆለፊያ የለኝ።»

«የተረቱ መጨረሻ ምን ነበር?»

«ለልጆቼ ካልሆነ ላልተርት ምያለሁ። ስሜ ሲመለስ ትሰሚዋለሽ።»

ከዚያ ወደ አሌክሳንድሪያ ተሻገሩ። በሩን የከፈተችላቸው የሟቹ ልጅ ሰሊና ናት። ደብረ ማርቆስ ተወልዳ እስከ ሰባት ዓመቷ እዚያ ስላደገች አማርኛዋ የአሮጊቶች አማርኛ ነው። ዓርብ ከቀትር እስከ ማታ ከጥርስ ሐኪሟና ከጓደኛዋ ጋር መዋሏን ፖሊስ አረጋግጧል፤ አባቷን ከቀኑ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ያገኘቻቸው እሷው ናት።

«እንደምን ዋሉ፣ እመቤቴ። ስለ አቶ ፀሐዩ ሊጠይቁኝ እንደ ሆነ አልጠረጥራቸውም። ይልቅስ የተናደድኩት በአባቴ ነው፤ ይቅር ሳልለው ሞተብኝ።»

«መግቢያውን አንብበሽዋል?»

«ሐሙስ አስነብቦኛል። ሁለት ገጽ ነበር፤ በዚህ ሰማያዊ አቃፊ ውስጥ አኖረው።»

አቃፊው በጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ባዶውን። ሻምበል ተናኘ ክፍሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ወለሉ ላይ መጻሕፍት ተከምረዋል፤ እርሳሶቹ ተበታትነዋል፤ የሻይ ኩባያ በመዝገበ ቃላት ላይ ተቀምጧል። ሰሊና አባቷን ያገኘችበትን ሁኔታ ነገረቻቸው፤ በዚያ ክፍል ሥርዓት የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሬሳው።

«አባትሽ መነጽራቸውን ያጣጥፉ ነበር?»

«በጭራሽ። ሁልጊዜ እላዩ ላይ ይቀመጥበት ነበር።»

የቤቱ ስልክ የመጨረሻውን ጥሪ መዝግቧል። ዓርብ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ፣ ወደ አቶ ኃይለልዑል የእጅ ስልክ፣ ለአራት ደቂቃ።

ሰሊና በግድግዳው ልክ የተደረደሩትን የካርድ ሣጥኖች ከፈተች። ሚስተር አሽኮም ላነበቡት ደራሲ ሁሉ አንድ ካርድ ነበራቸው፤ ስም፣ በቅንፍ ውስጥ የልደትና የሞት ዓመት፣ ከዚያ ሦስት መስመር።

«ይህኛው ቅንፍ ለምን ክፍት ሆነ?» አሉ ሻምበል ተናኘ አንዱን መዝዘው።

«የሞተ መሆኑ በእርግጥ ካልታወቀ አይዘጋውም ነበር። አርባ ዓመት ድምፁ ያልተሰማ ባለቅኔ እንኳ ቢሆን ከልደቱ አጠገብ ባዶ ይተውለታል። ‹ሰውን በቀለም አትቅበሩት› ይል ነበር። በዚህ ነገር ከአቶ ኃይለልዑል ጋር ዘወትር ይከራከሩ ነበር።»

«እሳቸው ምን ይላሉ?»

«እሳቸው ባዶ ቦታ አይወዱም።»

አቶ ኃይለልዑል ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሰፊ ሳሎን አላቸው። ግድግዳው በሜዳሊያና በምስክር ወረቀት ተሸፍኗል፤ ክፈፎቹ በማስመሪያ ተለክተው የተሰቀሉ ይመስላሉ። ሰማንያ ዓመታቸው ቢሆንም ጀርባቸው አልጎበጠም፤ መኪናቸውን ራሳቸው ይነዳሉ። የሚስተር አሽኮምን የመጨረሻ መድበል ወደ አማርኛ የመለሱትና የሕትመቱን እርማት ገጾች የያዙት እሳቸው ናቸው።

«ዓርብ የት ዋሉ?»

«እዚሁ፣ እርማቱ ላይ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሥቼ ሴቨን ኮርነርስ ለሚገኘው ማተሚያ ቤት አደረስኩ። አሥር ሰዓት ከሩብ ግድም።»

«ሚስተር አሽኮም በስልክ ምን አሉዎት?»

«ስለ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጠየቁኝ።»

«አራት ደቂቃ ሙሉ?»

«ነጠላ ሰረዝ ቀላል ነገር መሰለችዎት?»

«መሞታቸውን መቼ ሰሙ?»

«ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰሊና ደውላ። ከዚያ በፊት በሰላም ያሉ ነበር የመሰለኝ።»

«መግቢያውንስ ያውቁታል?»

«ለማተሚያ ቤቱ የሰጠሁትን አውቃለሁ። ሁለት አንቀጽ ምስጋና ነው።»

«አቶ ፀሐዩ ሌላ መግቢያ አለ ይላሉ። ተረቶቹም የኔ ናቸው ይላሉ።»

አቶ ኃይለልዑል ፈገግ አሉ። «ፀሐዩ? እሱ በር ከፋች ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ እዚህ አገር ሳየው እንኳ ‹አንተ፣ አለህ እንዴ?› ብየዋለሁ። በር የከፈተ ሁሉ ቤቱ የኔ ነው ካለ ባለቤት ማን ሊሆን ነው?»

ሻምበል ተናኘ ማስታወሻ ደብተራቸውን ጠረጴዛው ላይ ክፍት አድርገው ውሃ ጠየቁ። አቶ ኃይለልዑል ብርጭቆውን ይዘው ሲመለሱ ዓይናቸው ገጹ ላይ አረፈ። ከላይ «ቅዳሜ፣ የካቲት» ተብሎ ተጽፎ ቀኑ ተዘልሏል። ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሳቸው አውጥተው «1» ጻፉበት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክፍት ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም። አርባ ዓመት የእርማት ሰው ነኝ፤ አንድ ስህተት ከእጄ አልወጣም።»

«ይህን አስታውሰዋለሁ» አሉ ሻምበል ተናኘ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቨን ኮርነርስ ሄዱ። ማተሚያ ቤቱ የማቲያስ ነው፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ከትናንት ሰርግ እንቅልፉን ያልጨረሰ ሰው።

«ሻምበል፣ ዛሬ እኮ ሾፑ ዝግ ነው። ለእርስዎ ብዬ ነው። ምን ጉድ ነው ግን? አቶ ኃይለልዑል ትናንት ሦስቴ ኮል አደረጉኝ።»

«ምን ፈልገው?»

«‹እርማቱን ይመልሱልኝ፣ አንዴ ልየው› ይላሉ። ለእኔ እንኳ እርስዎ ነው የሚሉኝ፤ ልጃቸውን አክዬ። ጀርመንታውን ሰርግ ላይ ሚዜ ነኝ፣ እስከ ሰኞ አልከፍትም አልኳቸው። ‹እንግዲያው ቁልፉን ይላኩልኝ› አሉ። ቁልፍ በሰርግ መሐል በምን ልላክ?»

«ፖስታው የት ነው?»

«ዓርብ ሲያመጡት እላዩ ላይ ሰዓት መትቼ የጠረጴዛዬ ድሮወር ውስጥ ቆለፍኩት። እንደታሸገ ነው።»

እንደታሸገ ነበር። ማኅተሙ የካቲት ሊብት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ጥር 30፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአሥራ አምስት ደቂቃ የሚያመለክት ነው። ሻምበል ተናኘ ፖስታውን በማቲያስ ፊት ከፍተው መግቢያውን አነበቡ፤ እውነትም ሁለት አንቀጽ ምስጋና ነው፤ የፀሐዩ ስም የለበትም፤ የኃይለልዑል ስም ሁለት ጊዜ አለበት። ከዚያም «ስለ ደራስያኑ» የሚሉትን የመጨረሻ ገጾች ገልጠው ከመጨረሻው መስመር ላይ ቆዩ። ማቲያስ ሁለቴ አዛጋ።

«ፖስታውን ይዘህ ከኔ ጋር ትመጣለህ።»

«ምሳ አልበላሁም እኮ፣ ሻምበል።»

«ሚስተር አሽኮምም ዓርብ እራት አልበሉም። ተነሥ።»

ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በአሌክሳንድሪያው ሳሎን ውስጥ ሰባት ሰዎች ተሰበሰቡ። የከተማው የፖሊስ መርማሪ፣ ትሑትና ዝምተኛ ሰው፣ ከበሩ አጠገብ ወንበር ያዘ። ሄለን ከጎኑ ሆና ታስተረጉምለታለች። ሰሊና፣ ማቲያስ፣ አቶ ኃይለልዑልና አቶ ፀሐዩ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሻምበል ተናኘ ብቻ ቆሙ።

«አቶ ፀሐዩ ባይናገሩ ኖሮ ስለ ተረቶቹ የምናውቀው ነገር አልነበረም» ሲሉ ጀመሩ። «ነገር ግን ከመጀመሪያው አንድ ነገር አልገጠመኝም። ከዚህ ቤት የጠፋው ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ የሚስተር አሽኮም መግቢያ። ያ ወረቀት ለአቶ ፀሐዩ ስማቸውን የሚመልስ ነው። ስልሳ ሁለት ዓመት የጠበቁትን ወረቀት የሚያጠፉበት ምክንያት ምንድን ነው?»

«ወረቀቱ መኖሩን ማን አየ?» አሉ አቶ ኃይለልዑል።

«እኔ አይቻለሁ» አለች ሰሊና። «ሐሙስ ዕለት።»

አቶ ፀሐዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ኃይለልዑል ወደ እሳቸው ሳይዞሩ «አንተ ዝም በል» አሏቸው።

በክፍሉ ውስጥ የነበረው አማርኛ አዋቂ ሁሉ ሰማው። ኃይለልዑል ልጃቸውን ለሚያክለው አታሚ እርስዎ የሚሉ ሰው ናቸው፤ በአራት ዓመት የሚበልጧቸውን ሽማግሌ ግን ዛሬም በደጁ እንደ ቆመ ዘበኛ ይጠሯቸዋል። የድሃ ቃል ባለቤት የለውም ብሎ ያመነ ሰው፣ ድሃው ራሱ አፍ እንዳለው ማስታወስ አይወድም። ሄለን ይህንም ቃል ለመርማሪው ሳትዘል ተረጎመችለት።

ሻምበል ተናኘ ቀጠሉ። «ሁለተኛ፣ ሬሳው። የመጻፊያ ክፍሉ የተዝረከረከ ነው፤ ሟቹም የተዝረከረኩ ሰው ነበሩ። ገዳዩ ግን መነጽሩን አጣጥፏል፤ እጃቸውን ደርቧል፤ ትራሱን አስተካክሏል። የተናደደ ሰው ገድሎ ይሮጣል፤ ይህኛው ገድሎ አስተካከለ። ሦስተኛ፣ ስልኩ። በስምንት ሰዓት ከአምስት ሚስተር አሽኮም ለአቶ ኃይለልዑል ደወሉ።»

«ስለ ነጠላ ሰረዝ ነው ብያለሁ።»

«ብለዋል። አሁን ወደ ፖስታው እንምጣ። ማቲያስ፣ መቼ ተቀበልከው?»

«ዓርብ አሥር ሰዓት ከሩብ። ማኅተሙ ይኸው።»

«ከዚያ ወዲህ ማን ነካው?»

«ማንም። እርስዎ ዛሬ እስኪከፍቱት ድሮወሩ ውስጥ ነበር።»

ሻምበል ተናኘ የመጨረሻውን ገጽ አወጡ። «በዚህ መድበል አርባ ሦስት ደራስያን አሉ። ከመጨረሻው የተጻፉት አዘጋጁ ራሳቸው ናቸው። በሕትመቱ ላይ ‹ሊዮናርድ አሽኮም›፣ ቀጥሎም በቅንፍ ‹1930› ይልና ሰረዝ ተደርጎ ባዶ ይቀራል። ሚስተር አሽኮም የሕያውን ሰው ቅንፍ አይዘጉም ነበርና። በባዶው ላይ ግን በቀይ ቀለም ‹2017› ተጽፎ ቅንፉ ተዘግቷል። ሰሊና፣ አባትሽን ስንት ሰዓት ላይ አገኘሻቸው?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ።»

«ለአቶ ኃይለልዑልስ መቼ ደወልሽ?»

«አንድ ሰዓት ላይ።»

«እንግዲህ አቶ ኃይለልዑል፣ የሚስተር አሽኮምን ሞት ልጃቸው ከማወቋ ሁለት ሰዓት ከሩብ አስቀድመው ለአታሚው አስረክበዋል።»

ሄለን በጥድፊያ ተረጎመችው። መርማሪው ዝቅ ባለ ድምፅ እንድትደግምለት ለመናት፤ ደገመችለት።

«የእጅ ስህተት ነው» አሉ አቶ ኃይለልዑል። «አርባ ሦስት ስም ሲታረም... ሰውየው አርጅተዋል... እጄ...»

«ከአርባ ሦስቱ ስድስቱ እስከ ዓርብ በሕይወት ነበሩ። የአምስቱን ቅንፍ ክፍት ትተዋል፤ አንደኛዋ የዘጠና አራት ዓመት አሮጊት ናት። የዘጉት የአንዱን ብቻ ነው። ደግሞም ከእጅዎ ስህተት ወጥቶ እንደማያውቅ ትናንት ነግረውኛል።» ሻምበል ተናኘ ማስታወሻ ደብተራቸውን ከገጹ ጎን ዘረጉ፤ በሁለቱም ላይ ያለው ቀይ «1» አጣጣሉ አንድ ዓይነት ነበር። «ከስልኩ በኋላ ወደዚህ ነዱ። ቀዩን እስክሪብቶ ይዘው፣ እርማቱን በመኪናዎ ውስጥ አድርገው። ሲጨርሱ መግቢያውን ከአቃፊው ወስደው፣ በእርማቱ ውስጥ ምስጋናውን ብቻ ትተው ገጾቹን ለመጨረሻ ጊዜ አገላበጡ። አንድ ባዶ ቦታ አዩ። እጅዎ አላረፈም። ቅዳሜ ትዝ ሲልዎት ግን ማቲያስ ሚዜ ሆኖ ነበር።»

መርማሪው ብድግ ብሎ የአቶ ኃይለልዑልን የቆዳ ቦርሳ በእጁ ጠቆመ። እሳቸው ራሳቸው ከፈቱት። ሁለቱ የመግቢያ ገጾች ውስጡ ነበሩ። አላቃጠሏቸውም፤ አልቀደዷቸውም። ሦስት የፊደል ግድፈት ግን በቀይ ታርሟል።

«ለምን?» አለች ሰሊና። «አባቴ አንተን አስተማረህ። ከልጅነትህ ጀምሮ አቀፈህ።» እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ትላቸው ነበር።

«ልመናዬን አልሰማም» አሉ ኃይለልዑል። «ስልሳ ዓመት ያስተማርኩት በዚያ ስም ነው። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ስም ነው። መቃብሬ ሁለት ክንድ ሲቀረው፣ ቀሪውን ዝም በልልኝ አልኩት። ‹ፀሐዩ ዛሬ ያየኝን አስተያየት ሁለተኛ ማየት አልችልም› አለኝ። ለዘበኛ ሲል።»

መርማሪው ክንዳቸውን ይዞ ሲያስነሣቸው ከአቶ ፀሐዩ ፊት ቆሙ።

«ጋሽ ፀሐዩ... ይቅር ይበሉኝ።»

አቶ ፀሐዩ ከወንበራቸው አልተነሡም። «ስልሳ ሁለት ዓመት አንተ ስትለኝ ኖርክ። ጋሼ የሆንኩት ዛሬ ነው? የዚያን ተረት መጨረሻ ለምን አስቀረኸው?»

«ሳይደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ» አሉ ኃይለልዑል። «ያን ማታ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።»

«እንግዲያው አሁን ነቅተሃልና ስማኝ። ሰውዬው በቀትር ጥላውን ረገጠው። ‹አሸነፍኩህ› አለው። ጥላውም ከጫማው ሥር ሆኖ፣ ‹ረጋ በል፤ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል ጠብቀኝ› አለው።»

ኃይለልዑልን ወሰዷቸው። መርማሪው ሲመለስ ባርኔጣውን ይዞ ነበር፤ ለአቶ ፀሐዩ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ሰሊና የአባቷን መግቢያ ቅጂ ለማቲያስ አስረከበችው፤ አባቷ እንደ ጻፉት እንዲታተም፣ ከቀይ እርማቱ ግን አንዱም እንዳይገባ አዘዘችው። ማቲያስ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከደራስያኑ ዝርዝር መጨረሻ አንድ ስም ጨመረና ገጹን ለሽማግሌው አዞረላቸው።

አቶ ፀሐዩ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ጣታቸውን ከመስመሩ በታች እያስኬዱ ቀስ ብለው አነበቡ። «ፀሐዩ፣ ተራች፣ 1933...» ጣታቸው ከሰረዙ በኋላ ባለው ባዶ ላይ ቆመ።

«ይህስ?»

«ክፍት ነው፣ አባባ» አለች ሄለን። «ይዘጋ እንዴ?»

«አይነካ። ገና ተናድጃለሁ።»